ከጀርባዬ የታረመው የሽሮፕ ልኬት

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ተመልክቷል፤ በሥራ ቦታቸው «ጋሼ ነጥብ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ ሰባ አንድ ዓመት
ሥራ፦ በመድኃኒት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ የመሣሪያና የመረጃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከውሃ ማማው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት፣ ከሴት ልጃቸውና ከባለቤቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በአንድ የሕፃናት ሳል ሽሮፕ ላይ፣ በአንድ ሠራተኛ ስም የወጡ ሁለት የማይስማሙ የምርመራ ውጤቶች

የልጄ ባል በድሎኛል። ጨርሼ ያስቀመጥኩትን ሥራ ከጀርባዬ ከፍቶ አረመው፤ ያረመውንም በእኔ ስም አወጣው። በዚህ የተነሳ አንዲት ሴት ታሰረች። መርማሪው በቅድሚያ ስለ ሥራዬ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ከበደሉ ካልተጀመረ አልናገርም ስላልኩ ከዚህ ተጀምሯል።

እውነቱን ብቻ እንድናገር፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ቃሌን እንድሰጥ ተነግሮኛል። በዚህ ዕድሜዬ ይህ እንዲነገረኝ አያስፈልግም ነበር ብዬ መልሻለሁ። መርማሪው ይህ አይጻፍም አሉ። እንዲጻፍ ስላልኩ ተጽፏል።

ሥራዬ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለውን መሣሪያ ማሠራትና ከመሣሪያው የሚወጣውን መረጃ በኮምፒውተር አጥርቶ ለሪፖርት ማዘጋጀት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት የጋዝ ሲሊንደር ለመቀየር ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጡትን መጻሕፍት እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ሰው እያስቸገርኩ ለመድኩት። ጋሼ ነጥብ የሚሉኝ ከነጥብ በኋላ ስላሉት ቁጥሮች ስለምከራከር ነው። በፊቴ አይሉኝም። በፊቴ ስለማይሉኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል።

ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጌ እንዳስረዳ በተጠየቅኩት መሠረት እንዲህ ብዬ አስረድቻለሁ። መሣሪያው የአንድን ንጥረ ነገር ቅንጣት በኤሌክትሪክ ሞልቶ ይመዝናል። ቀጥሎ ያንኑ ቅንጣት ይሰብረውና ስባሪዎቹን በየተራ ይመዝናል። እነዚህን ስባሪ አዮኖች እንላቸዋለን። ሳይሰበሩ ክብደታቸው እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ እኩል የሆነ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አተሞች ሆኖ አሰካካቸው ብቻ ስለሚለይ ነው። ሲሰበሩ ግን የሚሰበሩበት ቦታ ስለሚለያይ የስባሪዎቹ ክብደት አንድ አይሆንም። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንደኛው ለሕፃን ሳል የተፈቀደ፣ ሌላው ለሕፃን ጭራሽ የተከለከለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ የሆነውም ይኸው ነው።

መርማሪው፣ «ለዚች ለሦስተኛዋ ቁጥር ነው ሰው የታሰረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለእሷ ነው» አልኳቸው።

መሣሪያው ያለበት ክፍል ሲሞቅ መሣሪያው ይስታል። ሙሉው ቅንጣት ሲመዘን የሚስተውን ሶፍትዌሩ ራሱ እየተከታተለ ያርመዋል። ስባሪዎቹ ግን ለብቻቸው መታረም አለባቸው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር፣ ስባሪዎቹ በትክክል የሚታወቁ ንጥረ ነገር አስገብተን መሣሪያው በዚያን ቀን ምን ያህል እንደሳተ እናያለን፤ የዕለቱን ናሙናዎችም በዚያው ልክ ወደ ቦታቸው እንመልሳለን። ይህን ካሊብሬሽን እንለዋለን። ለዚህ ሥራ ሶፍትዌሩ አንድ ቁልፍ አለው። ሲጫኑት የጠዋቱን ልክ ወስዶ ፋይሉን ያርምና ከፋይሉ ስም አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ያስቀምጣል።

እኔ በቁልፉ አልሠራም። ቁልፉ ለትንሹም ለትልቁም ስባሪ አንድ ዓይነት እርማት ይሰጣል፤ እኔ እየለየሁ እሰጣለሁ። ስለዚህ እርማቱን በእጄ አስገብቼ የታረመውን ፋይል አስቀምጣለሁ። ውጤቱ ያው ነው ሲሉኝ፣ ያው ከሆነ የእኔን ተዉልኝ እላለሁ። በእጅ የታረመ ፋይል ላይ አረንጓዴው ምልክት አይወጣም። በክፍላችን የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል ብዬ አስብ ነበር።

የልጄ ባል ወደ ክፍላችን የተዛወረው በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ውሃ የሚመረመርበት ክፍል ይሠራ ነበር። የእሱ ድርሻ ከእኔ የሚወጣውን ፋይል ተቀብሎ ሶፍትዌሩ ውስጥ ካሉት የታወቁ ንጥረ ነገሮች ጋር ማነጻጸርና ሪፖርቱን መጻፍ ነው። ትጉህ ነው። የሚጠየቀውን ሁሉ እሺ ይላል። ይህን ከመጀመሪያውም አልወደድኩለትም።

ባለፈው ሰኞ ፖሊስ የታሸጉ ሁለት የሽሮፕ ጠርሙሶች አመጣ። ሽሮፑን የምትቀምመው በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በራሷ የንግድ ፈቃድ የምትሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። የተከለከለ ነገር ትጨምርበታለች የሚል ጥቆማ ደርሶ ነበር። ጥቆማው ከማን እንደመጣ አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። ሴትዮዋን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። በመሣሪያው ክፍል ያለው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሰንብቶ ስለነበር ክፍሉ ሞቋል፤ መሣሪያውም ከወትሮው የበለጠ ስቷል። የሳተበትን ልክ ጠዋት ወስጄ፣ የሽሮፑን ናሙና አሠርቼ፣ ከምሳ በኋላ ስባሪዎቹን በእጄ አረምኩ። ሁሉም የተፈቀደው ንጥረ ነገር በሚወድቅበት ቦታ ላይ ወደቁ። የተከለከለው የለበትም። ፋይሉን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በማግስቱ ነበር።

ከዚያ ጥርስ ለማስነቀል ሄድኩ። የመንጋጋ ጥርሴ ሲያስቸግረኝ ሰንብቶ ስለነበር ጉንጬ አብጧል፤ መናገር ስላልቻልኩ ለማንም ምንም ሳልል ወጣሁ። ስወጣ የልጄ ባል፣ «ጋሼ፣ አብሬዎት ልሂድ?» አለኝ። በእጄ ተው አልኩት። ጥርስ ነቃዩ ዘንድ የሚይዘው ሰው የሚያስፈልገው ልጅ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነውን ያወቅኩት ከራሱ ከልጄ ባል አፍ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ገብተው፣ ፖሊስ ውጤቱን ዛሬውኑ ይፈልጋል፣ የጋሼ ፋይል አልቋል ወይ ብለው ጠየቁት። ፋይሉን ከፈተ። አረንጓዴ ምልክት የለበትም። ጥርሴን አሞኝ እርማቱን ረስቼ የሄድኩ መሰለው። እንዲህ ነው ብሎ ቢናገር ኃላፊዋ ፊት ስሜ ይጎድፋል ብሎ ፈራ። ስለዚህ፣ «አዎ፣ አልቋል» አለና ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ሲያነጻጽረው ሶፍትዌሩ የተከለከለውን ንጥረ ነገር ስም አወጣለት። ከዚያ በፊት ፋይሉን አላየውም ነበርና ውጤቱ እንደተቀየረ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሪፖርቱን ጻፈ። ፋይሉ የእኔ ስለሆነ አዘጋጁ በሚለው ቦታ የእኔ ስም ታተመ። ዶክተሯ ፈረሙ። በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት ሴትዮዋ ተይዛ ሄደች፤ ቤቷም ታሸገ።

ማክሰኞ ጠዋት በጉንጬ ጥጥ ይዤ ሥራ ገባሁ። የልጄ ባል ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ተሻለዎት? ያቺ ሽሮፕ የምትቀምመው ሴትዮ እኮ ተያዘች» አለኝ።

«ስለምን?»

«የተከለከለው ተገኘበት።»

«አልተገኘበትም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ወጥቷል እኮ። የእርስዎ ፋይል ነው።»

«ፋይሌን አውቀዋለሁ። አልተገኘበትም።»

እንዲህ እየተመላለስን ዶክተሯ ሰምተው ገቡ። የተናገሩት ትንሽ ነው። ወንበር ስበው ፋይሉን ከፈቱ። በዚያ ሰዓት እኔ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት በስሜ ሊወጣ እንደማይችል፣ ይህ ሶፍትዌር ከመጣ ጀምሮ ሰው ማየት እንደተወ፣ ሁሉም ቁልፍ ተጫኝ ብቻ እንደሆነ እናገር ነበር። ጥጡ አፌ ውስጥ ስለነበር ከተናገርኩት ግማሹን የሰማኝ የለም።

ስህተቱን ያገኙት ዶክተሯ ናቸው። ይህ በግልጽ ይጻፍ። እኔ በዚያን ጊዜ እየተቆጣሁ ነበር እንጂ እያየሁ አልነበረም። በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ እኛው የምንጨምረው፣ ስባሪዎቹ የታወቁ ማነጻጸሪያ አለ። ዶክተሯ መጀመሪያ ያዩት ሽሮፑን ሳይሆን ያንን ማነጻጸሪያ ነው። ቦታው ላይ አልነበረም። ምን ያህል እንደራቀ ለኩና ከጠዋቱ ስህተት ጋር አስተያዩት። መሣሪያው በሰኞ ጠዋት ወደ ላይ የሳተውን ያህል ማነጻጸሪያው አሁን ወደ ታች ወርዷል።

«ጋሼ፣ ዝም ይበሉና ይዩልኝ» አሉኝ። አየሁ።

«አንድ ጊዜ ቢታረም ኖሮ ቦታው ላይ ይቀመጥ ነበር» አሉ። «ጭራሽ ባይታረም ወደ ላይ ይሆን ነበር። ይህ ወደ ታች ነው። ሁለቴ ታርሟል።»

እንደተባለው ነበር። የእኔ እርማት ስባሪዎቹን ቦታቸው አደረሳቸው፤ ሁለተኛው እርማት ከቦታቸው አሳለፋቸው። ሲያልፉም የደረሱት የተከለከለው ንጥረ ነገር ስባሪዎች በሚወድቁበት ቦታ ላይ ነው። መሣሪያው በሌላ ቀን፣ በሌላ ልክ ቢስት ኖሮ እዚያ ላይ ባልወደቁ ነበር።

ማን አረመው ብሎ የጠየቀ የለም። የልጄ ባል ራሱ ተነሳና፣ «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?» አልኩት።

«ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ምልክቱን ሳጣው የረሱት መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ረስቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ?»

«ጥርስዎን አሞዎት...»

«በጥርሴ ነው እንዴ የማርመው?»

ዶክተሯ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የልጄ ባል አልሳቀም። «ዶክተር ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው» አለኝ።

በደሉ ይህ ነው። ቁልፍ መጫኑ ስህተት ነው፤ ስህተት ማንም ይሠራል። እኔን ሳይጠይቅ አዝኖልኝ ሸፋፈነልኝ። ደውሎ፣ ጋሼ ረስተዋል ወይ ቢለኝ ኖሮ እቆጣው ነበር፤ ተቆጥቼም እውነቱን እነግረው ነበር። መናገር ባልችል ጽፌ እልክለት ነበር። ቁጣዬን ፈርቶ ሴትዮዋን አሳሰራት። መርማሪው «ፈርቶ» የሚለው ቃል ይቅር ወይ ብለውኛል። አይቀርም።

ዶክተሯ ወዲያው ስልክ ደውለው ውጤቱ ትክክል አለመሆኑን ለፖሊስ ተናገሩ። ከወዲያ በኩል፣ በደብዳቤ ይምጣ፣ ምክንያቱም ይገለጽ ተባሉ። ደብዳቤውን መጻፍ ጀመሩና፣ «በክፍሉ ሙቀት ምክንያት በልኬቱ ላይ በተፈጠረ መዛባት» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበቡልን።

«መሣሪያው አይደለም» አልኩ።

«ክፍሉ ሞቆ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ሐሰት አልጻፍኩም።»

«ሞቋል። መሣሪያው ስቷል። እኔ አርሜዋለሁ። እሱ ደግሞ እኔ ያረምኩትን አርሞታል። ሁሉም ይጻፍ።»

«የልጅዎ ባል ነው። ይህ እኮ ፖሊስ ዘንድ የሚሄድ ነው። ማስረጃ ነካካ ቢባልስ?»

«የልጄ ባል መሆኑን ከእርስዎ በፊት ነው የማውቀው» አልኳቸው። «ሙቀት ብለን ከላክን ነገ የሌላ ተከሳሽ ጠበቃ መጥቶ፣ ክፍሉ በሞቀባቸው ቀናት የወጣው ሁሉ ውሸት ነው ይላል። የሠራነው ሁሉ ይወድቃል። ሴትዮዋም በጥርጣሬ ተለቀቀች ይባላል እንጂ ንጹሕ ናት አይባልላትም። ከእሷ ሽሮፕ የሚገዛ ይኖራል?»

ዶክተሯ ያነበቡልንን ዓረፍተ ነገር ሰረዙ። ከዚያም፣ «እሺ፣ ሁሉም ይጻፍ» አሉ። «ግን ሁሉም ከተባለ አንድ ይጨመራል። ጋሼ በእጅ ሲያርሙ ምንም ምልክት አያስቀምጡም። ፋይሉ መታረሙን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ይጻፍ» አልኩ። ልክ ናቸው አላልኩም፤ ልክ አይደሉም አላልኩም። ተጽፏል።

ማረጋገጫ እንዲሆን ያልተከፈተውን ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍተን እንደገና አሠራን። የልጄ ባል አንዱን ፋይል በቁልፉ አረመ። የፋይሉን ቅጂ ደግሞ እኔ ከኋላው ቆሜ እየነገርኩት በእጁ አረመ። ወንበሩን እንዲያስጠጋ ነገርኩት። በሁለቱም መንገድ ሽሮፑ ንጹሕ ነው። ስባሪዎቹ እስከ ሦስተኛው ቁጥር ድረስ ይስማማሉ። በአራተኛው ቁጥር ይለያያሉ፤ በእጅ የታረመው ይሻላል። ዶክተሯ ለዚህ ጉዳይ አራተኛው አያስፈልግም አሉ። ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም፤ ይህንንም አምናለሁ።

ማታ ለራት ስንቀመጥ ልጄ ነገሩን ሰምታ ነበር። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ቀረች።

«አባዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ባሌን ልታሳስረው ነው?» አለችኝ።

«ሴትዮዋ የታሰረችው በስሜ ነው።»

«ዶክተሯ በሙቀት ነው እንበል ብለው አልነበር? አንተ ነህ እምቢ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁልፍ አልጫንም ብለህ የጀመርከው አንተ። ሰው ሊጠይቅህ ሲመጣ የምትጮኸው አንተ። አሁን ደግሞ ተበዳዩ አንተ። እሱ ምን ይሁን? ከአንተ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ለመናገር የሚፈራ ሰው ምን ይሁን?»

እኔ ከመመለሴ በፊት የልጄ ባል፣ «ተዪ፣ ጋሼ ልክ ናቸው» አላት። «እኔ እያለሁ መሣሪያው ጥፋተኛ ተብሎ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እሠራለሁ? በየቀኑ እያየኝ?»

«ማን ነው የሚያይህ?» አለችው።

«መሣሪያው።»

ልጄ ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ተቀመጠች። እኔም በራቴ ላይ የሚናገር ሰው አልወድምና ዝም ብዬ በላሁ። ስጨርስ ለልጄ ባል፣ «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። የሠራኸውን አንተ ትናገራለህ፤ የሠራሁትን እኔ እናገራለሁ። እኔ ስለ አንተ አልጨምርም፤ አንተም ስለ እኔ አትቀንስ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። እሺ ማለቱን አሁንም አልወደድኩለትም፤ ነገር ግን በዚያች ማታ ሌላ እንዲል አልፈለግኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለታችን ደብዳቤውንና አዲሱን ውጤት ይዘን እዚህ ጣቢያ ቀረብን። እሱ ለብቻው ገብቶ ቃሉን ሰጠ፤ እኔ በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሲወጣ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ተለቀቀች። ዛሬ እኔ የተጠራሁት በስሜ የወጡት ሁለት ውጤቶች ለምን እንደተለያዩ ቃሌን ሰጥቼ መዝገቡ እንዲዘጋ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሴትዮዋን መተላለፊያው ላይ አግኝቻታለሁ። የታሸገው ቤቷ እንዲከፈትላት ቁልፏን ልትወስድ መጥታ ነበር። ማን እንደሆንኩ አንድ ፖሊስ ነገራት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እጅግ የደከመች ትመስላለች፤ አልጮኸችም።

«ያ ስም የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው።»

«ስህተቱስ የማን ነው፣ አባቴ?»

«የቤታችን ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ቤታችሁን ቆልፉ» አለች። ከዚያ ግን ከመነሳቷ በፊት፣ «ሽሮፔ ውስጥ ያለውን ሁሉ አያችሁት አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አየነው።»

«እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው። አሠራሩም ጥሩ ነው» አልኳት። ይህን ያልኳት ለማጽናናት አይደለም። በመሣሪያው ሲታይ ምንም የማይፈለግ ነገር አልተገኘበትም፤ በእኔ ልምድ ይህን ያህል የጠራ ሽሮፕ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ሳቅ አለችና፣ «ይህን ደግሞ በጽሑፍ ይስጡኝ» ብላ ሄደች። ዶክተሯን ጠይቄ እንዲጻፍላት አደርጋለሁ። በሯ ላይ ብትለጥፈው መብቷ ነው።

መርማሪው የልጄ ባል ሴትዮዋን ያውቃት እንደሆነ ጠይቀውኛል። አያውቃትም። በዚህ ሥራ የሚያገኘው ጥቅም ነበረ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ያገኘው የእኔን ኩርፊያ ነው ብዬ መልሻለሁ። ሆን ብሎ ውጤት ለመለወጥ ነው የሚል ጥርጣሬ አለዎት ወይ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። የለኝም። ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ውጤቱን አላየውም፤ ያልታየ ነገር ሆን ተብሎ አይለወጥም። የሠራው ለእኔ አዝኖ ነው። ይህን ደግሞ አሁን ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሬዋለሁ፤ መርማሪው በሌላ አነጋገር እያዞሩ እንዳይጠይቁኝ አሳስቤአለሁ።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን የሆነው ምን እንደሆነ ተጠይቄአለሁ። ዶክተሯ በእጅ የሚታረም ፋይል ስሙ ላይ «በእጅ ታርሟል» ተብሎ እንዲጻፍበት አዘዋል። ማንም የሌላውን ፋይል ሳይጠይቅ እንዳይነካም አዘዋል። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን የተቀበልኩት ትንሽ ዘግይቼ ነው። ማቀዝቀዣውም ተጠግኗል። የልጄ ባል ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ በእጅ የሚሠራውን ያሳዩኝ» አለኝ። አሳየሁት። ከዚያ ራሱ ሦስት ፋይል ሠራ። ሁለቱ ደህና ናቸው። በሦስተኛው ላይ፣ «ይህን ድገመው» አልኩት። «ለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገርኩት። አልተስማማንም፤ ብዙ ተከራከርን። ሌሎቹ ሠራተኞች የተጣላን መስሏቸው ሻይ ለመጠጣት ወጡ። አልተጣላንም። እዚያ ክፍል ውስጥ በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ እንደ ትናንቱ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ከሰዓት ጥቂት ነው። ይህን መርማሪው ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለዋል፤ እኔ ያስፈልጋል ብያለሁ።

በመጨረሻም በልጄ ባል ላይ አቤቱታ ማቅረብ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄአለሁ። አልፈልግም። «ታዲያ፣ አባት፣ ገና ከመግባትዎ በድሎኛል ብለው ያስጀመሩኝ ለምንድን ነው?» ብለውኛል። በደል ስለሆነ ነው። በደል በስሙ እንዲጠራ ፈልጌ ነበር፤ ተጠርቷል፤ ተጽፏል። ሴትዮዋ በሯ ተከፍቶላታል፤ ስሟም ንጹሕ ነው። ከዚህ በላይ የምፈልገው የለም።

ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ «ይመስለኛል» ተብሎ የተጻፈው እንዲሰረዝ አድርጌአለሁ፤ እንዲህ አላልኩም። የቀረው እኔ የተናገርኩት ነው፤ የተናገርኩትም ሁሉ እውነት ነው። ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልናገርም። ፍርድ ቤት ከፈለገው ይህ ወረቀት ይነበብለት፤ እኔን አትጥሩኝ። ልጄ ብታነሳው አልመልስላትም። የልጄ ባል ራሱ ይቅርታ ሊለኝ ቢመጣ፣ ስለምን እንደሚያወራ አላውቅም እለዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ሐሰት የምናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አስቀድሜ ለፖሊስ አስታውቄአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል